ለጂኦካሺንግ ስልክ ይበቃል ወይስ የጂፒኤስ መሣሪያ የግድ ነው? (ክሩ ከነመልሶቹ)

ሰላም ጎበዝ። ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነበረች። ጂኦካሺንግ ለሚጫወት ሰው ስልክ ይበቃዋል ወይስ በእጅ የሚያዝ የጂፒኤስ መሣሪያ መግዛት አለበት? ከጥያቄው ጋር የራሴንም ጣል አደረግኩ። ስልክ ይበቃል፤ ሰው ሳጥኑን የሚያጣው በመሣሪያው ድክመት ሳይሆን ሳይዘጋጅ ስለሚወጣ ነው አልኩ። እሳቱን የለኮሰችው ይህች ዓረፍተ ነገር ናት። መልሱ አርባን አለፈ። አሁን የሚገባ ሰው ያን ሁሉ ከሚያነብ ብዬ መልሶቹን በየቁጥራቸው እየጠራሁ እዚህ አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፤ የያዝኩት ሐሳቡን ነው። መሐል መሐል ላይ የራሴን ባስገባ አትዘኑብኝ፤ ክሩ የኔ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ሁለት መስመር። አንዱ ሳጥን ይደብቅና ኮኦርዲኔቱን፣ ማለትም ቦታውን የሚያመለክተውን ቁጥር፣ ድረ ገጽ ላይ ይለጥፋል። ሌላው ሄዶ ይፈልጋል። ካገኘ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ይፈርማል፤ ሳጥኑን እንደነበረ ይመልሳል። ሳጥኑ ትልቅ ባልዲ ሊሆን ይችላል፤ የጣት ጫፍ የምታክልም አለች። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 የሚሰጥ ሁለት ደረጃ አለ። አንዱ የመፈለጉን ክብደት ይናገራል፤ ሌላው የመንገዱን።

ቁጥር 1 እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው። በአንቱታ ነው የጻፉልኝ። ነገሩን ከሥሩ አነሱት። የአሜሪካ መንግሥት ሲቪሎች በሚጠቀሙበት የጂፒኤስ ሲግናል ላይ ሆን ብሎ ስሕተት ይጨምር ነበር። ቦታህን እስከ 100 ሜትር ድረስ ሊያዛባው ይችል ነበር። ያ ስሕተት የተነሣው እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ነው። በማግስቱ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ አካባቢ አንድ ጥቁር ባልዲ እስከ ግማሹ ቀብሮ ኮኦርዲኔቱን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ጨዋታው ከዚያ ተነሣ። የሳቸው ነጥብ ይህ ነው፦ ጨዋታው የመጣው ልኩ ስለተስተካከለ ነውና ልከኛ መሣሪያ ይዞ መውጣት ተገቢ ነው።

ቁጥር 2 አረማቸው። ቁጥር 1 ጂፒኤስ ለሲቪል የተከፈተው በ2000 ነው የምትል ሐረግ ጣል አድርገው ነበር። አይደለም። በ1983 የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን ተመትቶ ከወደቀ በኋላ ነው ፕሬዚዳንት ሬጋን ሥርዓቱ ለሲቪል በነፃ እንደሚቀርብ ያስታወቁት። በ2000 የቀረው ሆን ተብሎ የሚጨመረው ስሕተት ብቻ ነው። ቁጥር 1 አመስግነው ተቀበሉ። ክሩ በዚህ ጨዋነት ቢቀጥል ኖሮ እኔም ይህን ባልጻፍኩ።

ቁጥር 3 የመሣሪያ ሰው ነው። ጋርሚን የሚባለው አምራች ኢትሬክስ የሚባል በእጅ የሚያዝ መሣሪያ በሁለት ደብል ኤ ድንጋይ ይሠራል፤ የአምራቹን ቃል ካመንን ለ25 ሰዓት ገደማ። ድንጋዩ ሲያልቅ ቀይረህ ትሄዳለህ። ዝናብ አይፈራም። በጓንት ቁልፉን መጫን ይቻላል። ከእጅህ ቢወድቅ አንስተህ አራግፈህ ትቀጥላለህ። ስልክህ ሲወድቅ ግን ስክሪኑ ብቻ ሳይሆን ፎቶህም፣ ባንክህም፣ ወደ ቤት የሚወስድህ ካርታም አብሮ ነው የሚወድቀው። ይህ የመጨረሻው እኔንም ትንሽ አስጨንቆኛል። አንቴናንም አነሣ። ከላይ እንደ ጉቶ ብቅ የሚል አንቴና ያላቸው ሞዴሎች ሰማዩን በደንብ ያያሉ፤ የስልክ አንቴና ግን ትንሽ ነው፣ ያውም ከዋይፋዩም ከኔትዎርኩም ጋር ተጨናንቆ።

ቁጥር 4 ደገፈችኝ። ቁጥር 3 የሚያወራው ስለ ዱሮ ስልክ ነው ባይ ናት። በ2018 ሻዎሚ ሚ 8 ሁለት ፍሪኩዌንሲ ያለው ጂፒኤስ ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስልኮች ኤል5 የሚባለውን ሁለተኛ ሲግናል ይቀበላሉ። ይህ ሲግናል ከግንብና ከገደል ነጥሮ የሚመጣውን ከእውነተኛው ለመለየት ይረዳል። በዚያ ላይ ዛሬ ስልክ የሚያየው የአሜሪካኖቹን ሳተላይት ብቻ አይደለም። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮ፣ የቻይናው ቤይዱ አለ። ቁጥር 5 ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፤ ስልክሽ ይህን ሁሉ ካየ ባትሪው እስከ ምሳ ሰዓት ይደርስ ይሆን ዓይነት ሽሙጥ። ቁጥር 4 መልስ አልሰጠችውም። ደግ አደረገች።

የክሩ ምርጡ መልስ ቁጥር 6 ነው። ይህን ብቻ አንብባችሁ ብትወጡም አልከፋም። ሰውየው ስልክ ወይስ መሣሪያ የሚለውን ትቶ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ራሱ ምን እንደሆነ አስረዳ። ሳተላይቶቹ ያሉት 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። መሣሪያህ የሚለካው ጊዜን ነው። ሲግናሉ መቼ ተላከ፣ መቼ ደረሰ፤ ልዩነቱን በብርሃን ፍጥነት ያባዛል። ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ልኬቱ በ10 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ከተዛነፈ 3 ሜትር ሄደብህ ማለት ነው። ሳተላይቱ ላይ ያለው የአቶሚክ ሰዓት ነው፤ እጅህ ላይ ያለው ርካሽ ሰዓት ነው። ሦስት ሳተላይት የማይበቃውም ለዚህ ነው። አራተኛው የሚያስፈልገው የራስህን ሰዓት ስሕተት ለማስላት ነው።

ከዚያ ወደ ክቡ መጣ። ካርታው ላይ በቦታህ ዙሪያ የምታየዋን ክብ ማለቱ ነው። አንድሮይድ ስልክ 4 ሜትር ካለህ በዚያ 4 ሜትር ክብ ውስጥ የመሆን ዕድልህ 68 በመቶ ነው። ከሦስት አንዴ ገደማ ክቡ ውስጥ የለህም። የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስ ድረ ገጽም ስልክ በጠራ ሰማይ ሥር ብዙውን ጊዜ እስከ 4.9 ሜትር ሊስት እንደሚችል ጽፎታል። ይህ ያንተ ስሕተት ብቻ ነው። ሳጥኑን የደበቀው ሰውም የራሱ ስሕተት ነበረው። እሱ ወደ ምሥራቅ 5 ሜትር፣ አንተ ወደ ምዕራብ 5 ሜትር ብትስቱ፣ ስክሪኑ ደርሰሃል እያለህ ሳጥኑ 10 ሜትር ወዲያ ነው። መሣሪያውን ብትቀይር የምትቀንሰው ያንተን ግማሽ ብቻ ነው። ሰው ይህን ሲረዳ ክርክሩ ያልቃል ብዬ ነበር። የዋህ ነኝ።

ቁጥር 7 ከዚሁ ተነሥታ የምትሠራውን ነገረችን። ርቀቱ 10 ሜትር ሲል ስልኳን ኪሷ ትከታለች። ከዚያ እኔ ብሆን የት እደብቀው ነበር ብላ ዙሪያዋን ታያለች። ያለቦታው የተደረደረ ድንጋይ። ከሌላው ይልቅ የረገበ ቅርፊት። የአጥር ብረት ላይ ያለ ምክንያት የተገጠመ ክዳን። ቀስቱን ተከትሎ ወዲያና ወዲህ የሚል ሰው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው የሚሆነው፤ ቀስቱ በየእርምጃው ሐሳቡን ይቀይራልና።

ቁጥር 8 ያመጣት ታሪክ አሳቀችኝ። ሰውየው ከልጁ ጋር ወጥቷል። ስልኩ 0 ሜትር ይላል፤ ኮምፓሱ ግን ይዞራል። አንድ የብረት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እያስሠራ ኮምፓሱን ሊያስተካክል ይሞክራል። አልረጋም አለ። እንደገና ሞከረ። ልጁ ሰልችቶት ወንበሩ ሥር ሲያጎነብስ ማግኔት ያላት ትንሽ ቆርቆሮ ከመቀመጫው ሥር ተለጥፋ አየ። ኮምፓሱን ያሳበደው የወንበሩ ብረትና የሳጥኑ ማግኔት ነበር። ማለት መሣሪያው በራሱ መንገድ ይነግረው ነበር፤ የሚሰማው አጣ እንጂ።

ቁጥር 9 ኮምፓሱን ይዞ ቀጠለ። ሁለት ጠቃሚ ነገር አለ። አንደኛ፣ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ካላችሁ ፍለጋ ስትወጡ አውልቁት። ሁለተኛ፣ እንደ ኢትሬክስ 10 ያሉ ርካሽ መሣሪያዎች የኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ የላቸውም። አቅጣጫ የሚያውቁት ስትራመዱ ብቻ ነው። ቆማችሁ ብታሽከረክሩት ቀስቱ ትርጉም የለውም። ይህን ሳያውቁ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው የሚመልሱ ሰዎች አሉ።

ጸቡ የተጀመረው ቁጥር 10 ላይ ነው። ሰውዬው እሳት ለብሶ ነው የገባው። ውድ መሣሪያ ገዝቶ፣ ኮኦርዲኔቱን በእጁ አስገብቶ፣ መሣሪያው ከቦታው ከ600 ሜትር በላይ አርቆ እርሻ መሐል አቆመው። በስልክ የሄደ ጓደኛው ቀድሞት አግኝቷል። ስለዚህ መሣሪያ የሚባል ነገር ማጭበርበሪያ ነው አለ። ቁጥር 11 በትሕትና ምን ብለህ ነው ያስገባኸው ብላ ጠየቀችው። ቁጥር 12 ላይ ቁጥሩን ለጠፈ። ቁጥር 13 መልሱን ወዲያው አገኘው፤ አቀራረቡ ግን አይረሳም። ማንበብ ከመማርህ በፊት መሣሪያ ገዛህ ለማለት ምንም አልቀረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚወድቅበት ዘርዘር ላድርገው። የጂኦካሺንግ ድረ ገጽ ኮኦርዲኔት የሚሰጠው በዲግሪና በደቂቃ ነው። ደቂቃው ነጥብ አለው፤ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አሃዝ ይከተላል። 24.500 ደቂቃ ማለት 24 ደቂቃ ተኩል ማለት ነው፤ በሴኮንድ ሲጻፍ 24 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ። የሰውየው መሣሪያ ግን ቁጥር እንዲቀበል የተስተካከለው በዲግሪ፣ በደቂቃና በሴኮንድ ነበር። እሱም 24 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ብሎ አስገባ። የ20 ሴኮንድ ልዩነት። በሰሜን ደቡብ አንድ ሴኮንድ 31 ሜትር ያህል ነውና አባዙት፤ እርሻው መሐል ትደርሳላችሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይህ ነው። በነገራችን ላይ የመጨረሻዋ አሃዝ፣ ማለትም የደቂቃ አንድ ሺሕኛ፣ በሰሜን ደቡብ 1.85 ሜትር ናት። ስለዚህ ከሦስት አሃዝ በላይ ቢጨመርም ለኛ ጥቅም የለውም።

ቁጥር 14 ሌላ ወጥመድ ጨመረች። መሣሪያው ውስጥ ዳተም የሚባል ምርጫ አለ፤ ኮኦርዲኔቱ የሚቆጠርበት የመሬት ቅርጽ ስሌት ነው። ደብሊውጂኤስ 84 ላይ መሆን አለበት። ከድሮ የወረቀት ካርታ ጋር እንዲስማማ ብሎ ሌላ የመረጠ ሰው ያንኑ ቁጥር አስገብቶ መቶም ሁለት መቶም ሜትር ሊስት ይችላል። ቁጥር 15 ደግሞ ቁጥሩን በእጅ ማስገባቱ ራሱ ነው ስሕተቱ ባይ ነው። ፋይል እያለ ማን ቁጥር ይጽፋል? እኔም ከሱ ጋር ነኝ። ቁጥር 10 ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ቁጥር 13 ግን ትንሽ ለስለስ ቢል ምን ነበረበት?

ከ16 እስከ 24 ያለው ስለ ሶፍትዌር ነው። እኔ ዝግጅት ስል ይህን ማለቴ ነበር። ቁጥር 16 የቆየ ተጫዋች ናቸው፤ ጂሳክ የሚባለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም አሞገሱ። ድረ ገጹ ላይ ከፋይ አባል የሆነ ሰው ፖኬት ኩዌሪ የሚባል ነገር ያዛል። የፈለገውን አካባቢ፣ ዓይነትና የክብደት ደረጃ ይመርጣል። እስከ 1,000 የሚደርሱ ሳጥኖች በአንድ የጂፒኤክስ ፋይል ተጠቅልለው ይመጣሉ። ፋይሉ ኮኦርዲኔት ብቻ አይደለም የያዘው፤ መግለጫው፣ ፍንጩና የቅርብ ጊዜ ፈላጊዎች የጻፉትም አለበት። ጂሳክ ያንን ይቀበልና ያጣራል። በቅርቡ ማንም ያላገኘውን አውጣ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ፈላጊዎች አጣነው ያሉትን ተወው። እኔ ያገኘሁትን ደብቅ። ቀሪውን ወደ መሣሪያው ላክ። የመጨረሻዎቹን ጽሑፎች ማንበብ ብቻውን ስንት የከንቱ መንገድ ያድናል! ሳጥኑ ተወስዶ ከሆነ በምን መሣሪያ ይገኛል?

ቁጥር 17 ይህ ሁሉ ለምን አለ። ስልክ ላይ ሲጂኦ የሚባል አንድሮይድ አፕ አለ። ኮዱ ክፍት ነው፤ በነፃ ነው። ለአይፎን ደግሞ ካሽሊ አለ። ሳጥኖቹን ለአንድ ቀን የሚሆነውን ያህል አስቀድሞ አውርዶ ያለ ኔትዎርክ ይሠራል። ቁጥር 18 ግን ሲጂኦ የድረ ገጹ ኦፊሴላዊ አፕ እንዳልሆነ አስታወሰች። መረጃውን የሚያነበው ከገጾቹ ላይ ነው፤ የአጠቃቀም ደንቡም በፕሮግራም እንዲህ መሰብሰብን ይከለክላል ባይ ናት። ቁጥር 19 ተቆጣ። የሳጥኖቹን መግለጫ የጻፈው ሕዝቡ ነው፣ ሳጥኑንም የደበቀው ሕዝቡ ነው፣ የማን መረጃ ነው የሚከለከለው አለ። ቁጥር 20 ቤት ያሠራው ሌላ፣ መሬቱ የሌላ የሚል ነገር ጀምራ ሳትጨርሰው ተወችው። ቁጥር 21 አወያዩ ነው። ደንብ ላይ መከራከር የፈለገ ለብቻው ክር ይክፈት ብሎ ዘጋው። ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት አለው፤ እዚህ ግን አይፈታም።

ቁጥር 22 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ካርታ ቤት ሳለህ አውርድ። ሕዝብ ተባብሮ ከሚሠራው ኦፕንስትሪትማፕ የተወሰዱ ነፃ ካርታዎች ለስልክም ለጋርሚንም አሉ። የእግር መንገዱን፣ አጥሩን፣ ጅረቱን ያሳዩሃል። ቀስቱ የሚያመለክተው ቀጥታ መስመር ነው፤ ቀስት ወንዝ አያውቅም፣ ገደል አያውቅም። ሳጥኑ 200 ሜትር ቀረኝ ስትል መሐሉ ላይ ወንዝ ካለ ድልድዩ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ታች ሊሆን ይችላል። ይህን መንገድ ላይ ሳይሆን ቤት ሆነህ ብታየው መኪናህን ከማዶ ታቆም ነበር።

ቁጥር 23 ላይ አንዲት አዲስ ገቢ ያለ ኔትዎርክ የስልክ ጂፒኤስ ጭራሽ አይሠራም አይደል ብላ ጠየቀች። ቁጥር 24 በሚያምር ትዕግሥት መለሰላት። ይሠራል። ጂፒኤስ ተቀባይ ነው፤ ወደ ሳተላይቱ ምንም አይልክም። ኔትዎርክ የሚረዳው መጀመሪያ ላይ ነው። ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ የሚናገረውን መረጃ ከኢንተርኔት ቶሎ ያመጣለታል። ኔትዎርክ ከሌለ ስልኩ ያንን ከሳተላይቱ ራሱ ማዳመጥ አለበት። የአንዱ ሳተላይት ዝርዝር በየ30 ሴኮንዱ ይደጋገማል፤ የሁሉም አጠቃላይ ዝርዝር ግን ተላልፎ የሚያልቀው በ12 ደቂቃ ተኩል ነው። ስለዚህ ከመኪና ከወረድሽ በኋላ ገላጣ ቦታ ቆመሽ ትንሽ ታገሺው። እየሮጥሽ ዛፍ ሥር አትግቢ። ያለ ኔትዎርክ የሚጠፋው ካርታው ነው፤ እሱን ደግሞ ቁጥር 22 ነግሮሻል።

ከዚያ ነገሩ ወደ ደባቂዎች ዞረ። ቁጥር 25 ምርር ያለች ናት። ፈላጊው ይህን ሁሉ ሲዘጋጅ ደባቂው ከመኪናው ሳይርቅ አንድ ጊዜ ስልኩን አይቶ ኮኦርዲኔት ይለጥፋል አለች። እውነቷን ነው። ከላይ ቁጥር 6 ካለው ጋር አያይዙት። የፈላጊው ስሕተት የሱን ቀን ብቻ ያበላሻል፤ የደባቂው ስሕተት ግን የሚመጣውን ሰው ሁሉ ይከተላል። ቁጥር 26 መፍትሔውን ሰጠ። ብዙ የጋርሚን መሣሪያዎች የአንድን ቦታ አማካይ የሚያወጣ ምርጫ አላቸው። የአምራቹ መመሪያ ከ4 እስከ 8 ናሙና ውሰድ፣ በየመሐሉ ቢያንስ 90 ደቂቃ ጠብቅ ይላል። ለምን 90 ደቂቃ? ሳተላይቶቹ ከሰማዩ ላይ እንዲንቀሳቀሱና አቀማመጣቸው እንዲቀየር ነው። እዚያው ቆመህ ሃያ ጊዜ ብትለካ ያንኑ ስሕተት ነው ሃያ ጊዜ የምትጽፈው። ስልክ ላይም ይህን የሚሠሩ አፖች አሉ።

ቁጥር 27 አልተዋጠለትም። ለአንዲት ቆርቆሮ ስድስት ሰዓት ገደል ሥር ልቀመጥ ወይ አለ። ቁጥር 28 በሌላ ቀን ተመልሰህ አንዴ ለካው፣ ሁለት ቀን ከአንድ ቀን ይሻላል አለችው። ቁጥር 29 ደግሞ ገደል ሥር ያለ ሳጥንን ላም አለኝ በሰማይ አለው። ሰማዩ ግማሽ ሲሸፈን ሳተላይቶቹ ቢኖሩም አይታዩም። እንዲህ ላለ ቦታ የምስል ፍንጭ መጨመር ይሻላል አለ። እኔም እላለሁ፤ ጥሩ ፍንጭ ከአምስት ሜትር ልከኝነት ይበልጣል።

ቁጥር 30 ላይ የሆነ ሰው ባትሪ አነሣና ለጥቂት መልስ ክሩ የባትሪ ሆነ። ከዚያ ውስጥ የሚረባው ቁጥር 31 ነው። ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ 1.2 ቮልት ነው፤ ተራው አልካላይን 1.5። መሣሪያው ሜኑ ውስጥ የድንጋዩን ዓይነት ካልነገርከው፣ ሙሉ ድንጋይ አስገብተህ ግማሽ ነው ይልሃል። ብርድ ላይ ደግሞ ሊቲየም ይሻላል። ቁጥር 32 የስልክ ሰዎች ፓወር ባንክ ያዙ፣ ስክሪኑን አደብዝዙ፣ ኔትዎርኩን ዝጉ ብሎ ነገሩን ቋጨ። ለብዙ ቀን በእግር ለሚወጣ ሰው ግን ቁጥር 3 ልክ ነው። እዚያ ላይ እኔም መሣሪያውን እመርጣለሁ። ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽርሽር ግን ኧረ ተዉኝ።

ከ33 እስከ 36 ጠፈር ላይ ነበርን። አንዱ ለሳተላይቶቹ ቅርብ የሆነ ሳጥን ይኖር ይሆን ብሎ በቀልድ ጠየቀ። አለ። የቪዲዮ ጌም ሠሪው ሪቻርድ ጋሪየት በ2008 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄድ አንድ ጂኦካሽ እዚያ አስቀምጧል። ሌላዋ በ2021 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ ተሽከርካሪ ፐርሲቪራንስ የጨዋታው መከታተያ ኮድ ያለበት ነገር እንደያዘች ጨመረች። ከዚያ ጣቢያው ላይ ጂፒኤስ ይሠራል አይሠራም የሚል ክርክር ተነሣ። ይሠራል። ጣቢያው ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሳተላይቶቹ ከሱ በላይ፣ እጅግ በላይ ናቸው። ኮኦርዲኔቱን ለመለጠፍ ግን አይመችም፤ ጣቢያው መሬትን በ90 ደቂቃ ገደማ አንዴ ይዞራታል። ቁጥር 36 ተናደደች። ስልክ ወይስ መሣሪያ ብለን ገብተን ማርስ ደረስን አለች። እኔን ግን ደስ ብሎኛል።

ቁጥር 37 እውነተኛ ችግር ይዞ መጣ። መሳቢያ ውስጥ የቆየ መሣሪያ አገኘ። ቦታውን በደንብ ያሳያል፤ ቀኑን ግን ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ወስዶታል። ተበላሽቷል ወይ? ቁጥር 38 አልተበላሸም አለው። የጂፒኤስ ሲግናል ሳምንትን የሚቆጥረው እስከ 1,024 ነው፤ ከዚያ ከዜሮ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ሌሊት ቆጠራው ዞሯል። ሶፍትዌሩ ያልታደሰ አሮጌ መሣሪያ ያንን አያውቅም። ለፍለጋ ይሆንሃል፤ ያገኘህበትን ቀን ግን ከሱ አትቅዳ።

ቁጥር 39 ከላይ ያለውን አንዱንም ሳያነብ ገብቶ መሣሪያ ዝናብ ይችላል፣ ድንጋይ ይቀየርለታል፣ አንቴናው ጥሩ ነው አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቁጥር 40 ይህንኑ ነገረው፤ እኔ ከጻፍኩት በባሰ ቋንቋ። አወያዩ ሰረዘው፤ ለዚህ ነው አሁን ቁጥር 40 ባዶ ሆኖ የምታዩት።

ቁጥር 41 መጀመሪያ ላይ የጻፉት ጨዋ ሰው ናቸው፤ ተመልሰው መጡ። ሁለቱንም እንደሚይዙ ነገሩን። መሣሪያው አንገታቸው ላይ፣ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ። በስልኩ መግለጫውንና ፎቶውን ያያሉ፤ በመሣሪያው ይሄዳሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ትተው ይፈልጋሉ። ለኔ ካቀረቡልኝ ክርክር ሁሉ ያሸነፈኝ ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም የሳቸውም መጨረሻ ዓይን ነው።

የቅርቡ ጥያቄ የመጣው ቁጥር 42 ላይ ነው። ፖኬት ኩዌሪውን አውርዶ መሣሪያው ላይ ገልብጦ አንድም ሳጥን አይታየኝም አለ። ቁጥር 43 ሦስት ነገር ጠየቀችው። ፋይሉ ዚፕ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ፈታኸው? ጋርሚን የሚለው ፎልደር ውስጥ ጂፒኤክስ የሚል ሌላ ፎልደር አለ፤ እዚያ ነው ያስገባኸው? ገመዱን ከመንቀልህ በፊትስ በሥርዓቱ አስወጥተኸዋል? ዚፑን አልፈታውም ነበር። ቁጥር 44 ላይ ሳጥኖቹ እንደታዩለት ነገረንና ወዲያው ደግሞ አዲስ ቻርጅ ያደረገውን ድንጋይ መሣሪያው ለምን ግማሽ እንደሚለው ጠየቀ። ቁጥር 31ን ያንብብ።